ሙያ በልብ፦ የአውቶሞቢል ሠሪው የፍሬድ ዱዘንበርግ ታሪክ

በዛሬው ዘመን አሜሪካኖች ለባለጸጎች ከሚሠሩአቸው ፈጣን አውቶሞቢሎች መካከል ቁጥራቸው እጅግ የተወሰነ፣ አካላቸውም ካርቦን ፋይበር ከሚባለው ነገር የተሠራ አሉ። ካርቦን ፋይበር ከጠጉር የቀጠነ የካርቦን ክር እንደ ሸማ ተሸምኖ፣ ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ ጠጥቶ፣ በሙቀት እንዲደርቅ ከተደረገ በኋላ የሚገኝ ነው። ክብደቱ ከብረት እጅግ ያነሰ ሲሆን ጥንካሬው ግን ከብረት ጋር ይወዳደራል። በቴክሳስ የተሠራው ሄነሲ ቬነም ኤፍ 5 የተባለው አውቶሞቢል በ2020 ለዓለም በታየ ጊዜ እንዲሠሩ የታቀዱት 24 ብቻ ነበሩ፤ የአንዱም ዋጋ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ይህን የሚሰማ ሰው ነገሩ ሁሉ የዘመናችን ግኝት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከክብደት ጋር የሚደረገው ትግል፣ ጥቂት ሠርቶ አሳምሮ የመሥራትም ሐሳብ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ነው። በአሜሪካ ይህን ሐሳብ በሥራ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፍሬድ ዱዘንበርግ ይባላል። እርሱ በኖረበት ዘመን ካርቦን ፋይበር አልነበረም፤ በእጁ የነበረው አልሙኒዩም ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምሕንድስና አልተማረም፤ ከአባቱም የወረሰው ሀብት አልነበረውም። ቢሆንም ስሙን የተሸከመው አውቶሞቢል በአሜሪካ ምድር ከተሠሩት ሁሉ የላቀ ነው እስከ መባል ደረሰ። የሚያሳዝነው ግን ያ ታላቅ አውቶሞቢል በወጣ ጊዜ የፍሬድ የነበረው ስሙ ብቻ መሆኑ ነው፤ ኩባንያው በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስደተኛው ልጅ

ፍሬድ ዱዘንበርግ ዲሴምበር 6 ቀን 1876 በጀርመን አገር ሊፔ በምትባል ትንሽ ግዛት ተወለደ። ታናሽ ወንድሙ አውጉስት ከሦስት ዓመት በኋላ ተከተለው። አባታቸው ልጆቹ ገና ሳይጠነክሩ ስለ ሞቱ ቤተሰቡን የማስተዳደሩ ሸክም በእናታቸው ላይ ወደቀ። የበኵሩ ልጅ አስቀድሞ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ነበርና እናታቸውም በ1885 የቀሩትን ልጆች ይዘው ተከተሉት፤ በአዮዋ ግዛት ሮክፎርድ በምትባል የገበሬዎች ከተማ አጠገብም መኖር ጀመሩ። ፍሬድ በዚያን ጊዜ ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበር።

አዮዋ አፈሩ ጥቁር፣ ምድሩ ሜዳማ፣ ሰብሉም በቆሎ የሆነ የእርሻ አገር ነው። በዚያን ዘመን ገበሬው ማጨጃና መውቂያ መኪና መጠቀም ጀምሮ ነበርና መሣሪያው በተሰበረ ቁጥር የሚጠግንለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ፍሬድ ጐልማሳ ሳይሆን በዚህ ሥራ ተሠማራ። የትምህርት ቤቱ መዶሻና መፍቻ ሆነ፤ መምህሩም የተሰበረው ብረት ራሱ ነበር። አንድ ብረት ለምን ከዚህ ቦታ ተሰበረ ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ቀጥሎ ሲሠራ እንዴት እንደማይሰበር ማሰቡ አይቀርምና የምሕንድስና ዕውቀቱ ከዚህ ጀመረ።

በ1890ዎቹ ዓመታት ቢስክሌት መንዳት በአሜሪካ ታላቅ ፋሽን ሆኖ ነበር። ፍሬድም የራሱን ቢስክሌት እየሠራ መሸጥ፣ በእሽቅድምድምም መወዳደር ያዘ፤ ብዙ ጊዜም አሸናፊ ሆነ። ይህ ሙያ ኋላ ለሠራቸው አውቶሞቢሎች ሁሉ መሠረት ሆኖታል። የቢስክሌት ነጂ ሞተሩ የገዛ ጉልበቱ ስለ ሆነ ትርፍ ክብደት ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንም መጽሐፍ ይልቅ ጭኑ ያስተምረዋል። አቀበት ላይ አንድ ኪሎ ሲጨመር ትንፋሹ ያጥራል፤ መንኰራኩሩ በትክክል ሳይመዛዘን ሲቀር ጉልበቱ በከንቱ ይባክናል። ፍሬድ በሕይወቱ ሙሉ ሲከተለው የኖረው ሕግ ይኸው ነው፤ የማያስፈልግ ክብደት አይኑር፣ የሚዞርም ነገር ሁሉ ተመዛዝኖ ይዙር የሚል ነው።

ከቢስክሌት ወደ አውቶሞቢል

አውቶሞቢል ብቅ ባለ ጊዜ ፍሬድ በዊስኮንሲን ግዛት ኬኖሻ ከተማ ወደሚገኘው የቶማስ ጄፈሪ ፋብሪካ ሄዶ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ከዚያም ወደ አዮዋ ዋና ከተማ ወደ ደ ሞይን ተመልሶ የመኪና ሥራውን ቀጠለ። በዚያ ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል ጠበቃ የፍሬድን ችሎታ አይቶ ገንዘብ አወጣለትና በ1906 በጠበቃው ስም የተጠራ ሜሰን የተባለ አውቶሞቢል መሠራት ጀመረ። ሞተሩ ባለ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ቢሆንም አቀበት በመውጣት ታላቅ ስም አተረፈ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ፍሬድ የነደፈው የመጀመሪያው አውቶሞቢል የተጠራው ገንዘብ ባወጣው ሰው ስም ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኩባንያው ወደ ፍሬድሪክ ሜይታግ እጅ ሲገባ ደግሞ ስሙ ሜይታግ ሜሰን ተባለ። ይህ ሜይታግ ኋላ በልብስ ማጠቢያ መኪና ስሙ የታወቀው ባለጸጋ ነው። በሁለቱም ስም ውስጥ ዱዘንበርግ የሚል ቃል አልነበረበትም።

በ1913 ሁለቱ ወንድማማቾች ራሳቸውን ችለው በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። የእሽቅድምድም መኪናና የጀልባ ሞተር ይሠሩ ነበር። በ1914 ኤዲ ሪከንባከር የተባለው ወጣት በዱዘንበርግ መኪና ተወዳድሮ በሱ ሲቲ ከተማ የተደረገውን የ300 ማይል ውድድር አሸነፈ፤ ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ነጂዎች ሁሉ የበለጠ ዝና ያተረፈው ነው። ጦርነቱ ወደ አሜሪካ ሲደርስ ወንድማማቾቹ በኒው ጀርሲ ግዛት በኤሊዛቤት ከተማ ታላቅ ፋብሪካ ከፍተው ቡጋቲ የነደፈውን ባለ 16 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር እንዲሠሩ ታዘዙ። ጥቂት ብቻ እንደ ተሠሩ ጦርነቱ አለቀ። ፋብሪካው ተሸጠ፤ ወንድማማቾቹም በ1920 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ቶሚ ሚልተን ሁለት ሞተር በተገጠመለት የዱዘንበርግ መኪና በዴይቶና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በሰዓት 251 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ።

የለ ማን ድል

የፍሬድን ስም ወደ አውሮፓ ያደረሰው በጁላይ 1921 በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከተማ የተደረገው ታላቁ ውድድር ነው። አራት የዱዘንበርግ መኪናዎች ባሕር ተሻግረው ገቡ። ከነጂዎቹ አንዱ ጂሚ መርፊ በልምምድ ጊዜ መኪናው ተገልብጦ የጎን አጥንቱ ተጎዳ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ የውድድሩ ቀን ደረሰ፤ እርሱም ደረቱን በፋሻ አጥብቆ መጥቶ ከመኪናው ላይ ተቀመጠ።

መንገዱ 517 ኪሎ ሜትር ነበር። ውድድሩ በቀጠለ ቁጥር መሬቱ እየተቦረቦረ ድንጋይ እንደ ጥይት ይወረወር ጀመር። በመጨረሻው ላይ ድንጋይ የመርፊን ራዲያተር በሳው፤ ውሃውም ፈሰሰ፤ ጎማውም ፈነዳ። መርፊ ግን በደረቀ ራዲያተርና በፈነዳ ጎማ ነድቶ ቀዳሚ ሆኖ ገባ። ሁለተኛ የወጣው የፈረንሳይ ባሎ መኪና ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ደረሰ። በአሜሪካ የተሠራ መኪና በእንዲህ ያለ የአውሮፓ ታላቅ ውድድር ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ አሜሪካዊ አገሩ በሠራው መኪና በአውሮፓ ግራንድ ፕሪ ለማሸነፍ 46 ዓመት ፈጅቶበታል፤ እርሱም በ1967 በቤልጅግ ያሸነፈው ዳን ገርኒ ነው።

ለዚህ ድል ከነጂው ጀግንነት ሌላ ምክንያት የሆነው የፍሬድ ፍሬን ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ፍሬን በዘንግ ወይም በገመድ እየተሳበ የሚይዝ ነበር። አንዱ ገመድ ከሌላው ይልቅ ሲጠብቅ አንዱ ጎማ ቀድሞ ይያዝና መኪናውን ወደ ጎን ይስበዋል። ፍሬድ ግን አራቱም ጎማዎች በፈሳሽ ግፊት እንዲያዙ አደረገ። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲገፋ ግፊቱ በሁሉም በኩል እኩል ስለ ሆነ ነጂው እግሩን ሲያሳርፍ አራቱ ጎማዎች በአንድነት ይያዛሉ። ስለዚህ የዱዘንበርግ ነጂዎች ጠማማው መንገድ አጠገብ እስኪደርሱ ድረስ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ መሮጥ ቻሉ። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው መኪናዎች ሁሉ ፍሬናቸው በዚሁ ሥርዓት የሚሠራ ነው።

ድል በሜዳ፣ ኪሳራ በሒሳብ

በዚያው በ1921 መጨረሻ ሞዴል ኤ የተባለው የዱዘንበርግ የቤት መኪና ለገበያ ወጣ። ስምንት ሲሊንደሮቹ በአንድ መሥመር የተደረደሩ፣ በአራቱም ጎማ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ያለው፣ አሜሪካ ከዚያ በፊት ለሕዝብ ያልሸጠችው ዓይነት መኪና ነበር። ዋጋውም 6,500 ዶላር ያህል ነበር።

ነገር ግን ፍሬድ ይህን መኪና በኒው ዮርክ ለሕዝብ ያሳየው በ1920 ነው። ገዢዎች መጥተው ገንዘባቸውን ሊሰጡ ሲዘጋጁ እርሱ ሞተሩ አላረካውምና ንድፉን እንደ ገና ለውጦ መሥራት ጀመረ። አንድ ዓመት አለፈ። ሥራው ተሻሻለ፤ ገበያው ግን አልጠበቀውም። በ1923 ደግሞ ፓካርድ የተባለው ታላቅ ኩባንያ የራሱን ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ይዞ መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሠሩት ሞዴል ኤ መኪናዎች 650 ያህል ብቻ ሆኑ።

በ1924 ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ጠባቂ እጅ ገባ። በዚያው ዓመት የዱዘንበርግ መኪና በኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል ውድድር አንደኛ ወጣ። መኪናውን በመጀመሪያ ኤል ኤል ኮረም፣ በኋላም ጆ ቦየር ነዱት፤ አየር እያመቀ ወደ ሲሊንደሩ በሚጨምር መሣሪያ የታገዘ ሞተርም ይህን ውድድር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። በ1925 ፒተር ዴፓኦሎ በዱዘንበርግ አሸነፈ፤ በዚያም ውድድር በአማካይ በሰዓት ከ100 ማይል ማለት ከ161 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1927 ደግሞ ጆርጅ ሳውደርስ ሦስተኛውን ድል አመጣ። እንዲህ ሆኖ በውድድር ሜዳ ላይ ጭብጨባ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ አብረው ይሄዱ ነበር።

ሐዘንም አልቀረም። የለ ማኑ ጀግና ጂሚ መርፊና የኢንዲያናፖሊሱ ጆ ቦየር ሁለቱም በ1924 በሴፕቴምበር ወር በውድድር ላይ ሞቱ። ቦየር የሞተው በዱዘንበርግ መኪና ላይ ሳለ ነው።

ስሙን የሸጠ ሰው

ኤሬት ሎባን ኮርድ የሚባል ሰው በቺካጎ መኪና ሻጭ ነበር። በ30 ዓመት ዕድሜው ሊዘጋ የተቃረበውን የኦበርንን የመኪና ኩባንያ ተረክቦ በንግድ ጥበቡ አዳነው። ኮርድ ፍሬድ የጐደለው ሁሉ ነበረው፤ ገበያ ያውቃል፣ ገንዘብ ያገኛል፣ ሰው ያሳምናል። በ1926 የዱዘንበርግን ኩባንያ ገዛ። የገዛውም ስለ ፋብሪካው ሕንፃ ብሎ አይደለም፤ የፈለገው ስሙንና ፍሬድን ነበር። ፍሬድን በምሕንድስናው ላይ ሹሞ በአሜሪካ ከሁሉ የበለጠ መኪና እንዲሠራ አዘዘው፤ ስለ ዋጋውም እንዳያስብ አደረገው።

ፍሬድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ገንዘብ ሳይጨነቅ ለመሥራት ዕድል አገኘ። የከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም፤ የገዛ ስሙ በተጻፈበት ቤት ተቀጣሪ ሆነ። ይህን ሁኔታ ውርደት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ለእኔ ግን የሚመስለኝ ፍሬድ ከሀብትና ከሥራ አንዱን ምረጥ ተብሎ ሥራን የመረጠ ሰው መሆኑ ነው።

የድካሙም ፍሬ ሞዴል ጄ የተባለው መኪና በዲሴምበር 1 ቀን 1928 በኒው ዮርክ ታየ። የሞተሩ ኃይል 265 የፈረስ ጉልበት ነው ተብሎ ተነገረ፤ ይህም በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ይሸጡ ከነበሩት ሌሎች መኪናዎች ከእጥፍ በላይ ነበር። እያንዳንዱ ሲሊንደር አራት አራት ቫልቭ ነበረው፤ ይህ ሥርዓት በውድድር መኪና ላይ እንጂ በቤት መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ አልነበረም። ፍሬድ የቢስክሌቱን ሕግ አልረሳምና ፒስቶኖቹን፣ ፒስቶንን ከኮሎው ጋር የሚያገናኙትን ቢየላዎች፣ የሞተሩን አቃፊ፣ የውሃውን ፓምፕ፣ የፍሬኑንም ጫማ ሳይቀር ከአልሙኒዩም ቅልቅል አሠራቸው። ኮሎው በሚዞርበት ጊዜ እንዳይንቀጠቀጥ በላዩ ሜርኩሪ የሞላባቸው ትንንሽ ዕቃዎች ገጠመበት።

ከመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ከፍታ የሚለካ፣ የፍሬንን ግፊት የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። በየ75 ማይሉ መኪናው ራሱን በራሱ ቅባት ይቀባ ነበር፤ ዘይት የሚለወጥበትና ለባትሪው ውሃ የሚጨመርበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ መብራት በርቶ ያስታውቃል።

ፋብሪካው የሚሸጠው ሞተሩንና ሻንሲውን ብቻ ሲሆን ዋጋው 8,500 ዶላር ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ሙሉ የፎርድ መኪና በ500 ዶላር አካባቢ ይገዛ ነበር። ገዢው ሻንሲውን ወስዶ ለአካል ሠሪዎች፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ለሚገኘው ለመርፊ ቤት ይሰጥና እንደ ፈቃዱ ያሠራው ነበር። ገዢዎቹ ሰፊ፣ ረጅምና ያጌጠ መኪና ይፈልጉ ስለ ነበር ፍሬድ በአልሙኒዩም የቀነሰውን ክብደት እነርሱ በምቾት ይመልሱት ነበር፤ የተጠናቀቀው መኪና ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። እንደዚያም ሆኖ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጥ ነበር።

የኮርድ አሳብ በዓመት 500 መኪና ለመሸጥ ነበር። ሞዴል ጄ በታየ በዓመቱ ግን በኦክቶበር 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀና ታላቁ የኢኮኖሚ ችግር ጀመረ። ሠራተኛው ሥራ አጥቶ ለዳቦ በተሰለፈበት ጊዜ ባለጸጋውም እንኳ እንዲህ ባለ መኪና በመንገድ ላይ መታየትን ማፈር ጀመረ። ስለዚህ ለአንድ ዓመት የታሰበው ቁጥር በጠቅላላው ዘመን እንኳ አልሞላም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠሩት ሞዴል ጄዎች 480 ያህል ናቸው። ዛሬ ሠሪዎች ዋጋ ለማስወደድ ብለው ቁጥር አስቀድመው ይወስናሉ፤ የዱዘንበርግን ቁጥር የወሰነው ግን የዘመኑ ችግር ነው።

የመጨረሻው ጉዞ

ችግሩ ሥራውን አላስተወውም። በ1932 ፍሬድ አየር የሚያምቅ መሣሪያ የተገጠመለትን ኤስ ጄ የተባለውን ሞዴል አወጣ፤ ኃይሉም 320 የፈረስ ጉልበት ነበር። ጁላይ 2 ቀን 1932 ፍሬድ አንዱን ኤስ ጄ ራሱ እየነዳ በፔንሲልቫኒያ ተራራማ መንገድ ሲያልፍ መንገዱ በዝናብ ርሶ ስለ ነበር መኪናው ተንሸራትቶ ተገለበጠ። በመጀመሪያ የሚድን መስሎ ነበር። ነገር ግን የሳንባ ምች ተጨምሮበት ጁላይ 26 ቀን በ55 ዓመት ዕድሜው ሞተ።

ወንድሙ አውጉስት ሥራውን አልተወም። በ1935 አብ ጄንኪንስ የተባለው ነጂ አውጉስት ባሰናዳው የዱዘንበርግ መኪና በዩታ የጨው ሜዳ ላይ 24 ሰዓት ሙሉ በአማካይ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ። በዚያው ዓመት አጠር ያለ ሻንሲና ቀለል ያለ አካል ያላቸው ኤስ ኤስ ጄ የተባሉ ሁለት መኪናዎች ብቻ ተሠርተው አንዱ ለፊልም ተዋናዩ ለጋሪ ኩፐር፣ ሁለተኛው ለክላርክ ጌብል ተሰጡ። በ1937 የኮርድ ድርጅት ሲፈርስ የዱዘንበርግ ፋብሪካ አብሮ ተዘጋ። አውጉስትም በ1955 ሞተ።

ይሁን እንጂ መኪናዎቹ አልሞቱም። ከሞዴል ጄ መኪናዎች አብዛኞቹ እስከ ዘመናችን ተጠብቀው ቆይተዋል። የጋሪ ኩፐር የነበረው ኤስ ኤስ ጄ በ2018 በካሊፎርኒያ በጨረታ በ22 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ እስከዚያ ጊዜ በጨረታ ከተሸጡት አሜሪካ ሠራሽ መኪናዎች ሁሉ ውድ ሆነ። ከዚህ ገንዘብ ለሠሪው የደረሰው አንድ ሳንቲም የለም።

እንግዲህ የፍሬድ ዱዘንበርግ ሕይወት ተሳካ ወይስ አልተሳካም? ሒሳብ ብቻ ለሚቆጥር ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ፍሬድ ኩባንያውን አጥቶአል፣ በሀብትም አልሞተም። ነገር ግን ከሜሰን፣ ከሜይታግና ከኮርድ ጋር ሲሠራ የገንዘቡ ባለቤት ሲለዋወጥ የሥራው ጥራት አንድም ጊዜ አልተለወጠም። በእርግጥ የንግድን ነገር መናቅ ጉዳት አለው። ሥራውን ወደ ገበያ የሚያደርስ ታማኝ ጓደኛ በጊዜ ቢያገኝ ኖሮ ምናልባት ስሙንም ቤቱንም ይዞ ይኖር ነበር። ስለዚህ ከታሪኩ የምንማረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሙያ ያለው ሰው ሒሳብ የሚያውቅ ወዳጅ እንደሚያስፈልገው፣ ገንዘብ ያለውም ሰው ያለ ባለሙያ ስሙ ዘላቂ እንደማይሆን ነው።

አባቶቻችን ሙያ በልብ ነው ይላሉ። በአዮዋ ገበሬዎች መካከል የተሰበረ ብረት ሲጠግን ያደገው ልጅ ብዙ ሳይናገር ሠርቶ አለፈ። ዲፕሎማ ይዘን ሥራ የምንጀምር ወጣቶች በመጀመሪያ የምንጠይቀው ስማችን የት ላይ እንደሚጻፍ ከሆነ የፍሬድን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅመናል። እርሱ በቅድሚያ የጠየቀው ሥራው ጥሩ መሆን አለመሆኑን ነበር፤ ስሙም እርሱ ከሞተ በኋላ ከሥራው ጋር አብሮ ኖሮአል።